ማቴሪያሉ ውስጥ ብላክ ሆል የለም፤ ስሌቱ ውስጥ ግን አለ

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነኝ። በክረምት መርሐ ግብር ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፌ በሆሎግራፊክ ዱዋሊቲ አማካይነት የከፍተኛ ሙቀት ሱፐርኮንዳክተሮችን (ኤሌክትሪክን ያለ ሬዚስታንስ የሚያስተላልፉ ማቴሪያሎችን) ምስጢር ማብራራት አስቤአለሁ። አማካሪዬ ግን ‹የስትሪንግ ቲዮሪ ነገር ነው፤ ባልተረጋገጠ ነገር ጊዜህን አታጥፋ› አሉኝ። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ በ2022 ኳንተም ኮምፒውተር ላይ ዎርምሆል፣ ማለትም ሁለት የጠፈር ቦታዎችን የሚያገናኝ ዋሻ፣ ስለተሠራ ነገሩ ተረጋግጧል ይላል። ማናቸው ናቸው ልክ? በእውነት ማቴሪያሉ ውስጥ ብላክ ሆል አለ ማለት ነው? ያለኝ አንድ ላፕቶፕ ነው፤ በእሱ የሚሠራ ነገር ይኖራል?»

ምላሽ፦ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማቴሪያሉ ውስጥ ብላክ ሆል የለም። ሌላው ግራ መጋባት ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን እናጥራው። ሆሎግራፊክ ዱዋሊቲ የሚለው ይህን ነው፦ ስበት የሌለበት አንድ የኳንተም ቲዮሪ እና ስበት ያለበት፣ በአንድ ዳይሜንሽን የሚበልጥ ሌላ ቲዮሪ፣ አንዱ የሌላው ሌላ አጻጻፍ ሊሆኑ ይችላሉ። በአንዱ የሚጠየቀው ጥያቄ ሁሉ በሌላው ውስጥ አቻ አለው፤ በሁለቱም በኩል ሲሰላ የሚወጣው ቁጥር አንድ ነው። ስበት የሌለበት ቲዮሪ ጠርዙ ላይ ይኖራል እንላለን፤ ስበት ያለበት ደግሞ ውስጠኛው ክፍል ውስጥ። ይህ ጠርዝ ግን ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚያዩት የሱፐርኮንዳክተር ቁራጭ ገጽ አይደለም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ማቴሪያሉ በሙሉ፣ ውስጡም ውጩም፣ ጠርዙ ላይ ነው ያለው። ተጨማሪው ዳይሜንሽንም እጅ ሰደው የሚነኩት ቦታ ሳይሆን የኢነርጂን መጠን የሚወክል መለኪያ ነው። ወደ ጠርዙ የቀረበው ክፍል በጣም አጭር ርቀት ላይና በከፍተኛ ኢነርጂ የሚሆነውን ይነግረናል፤ ወደ ውስጥ በገባን መጠን ማቴሪያሉን ከሩቅና በጅምላ እያየነው እንሄዳለን። ብላክ ሆሉ የሚቀመጠው እዚያ መጨረሻው ላይ ነው።

የማቴሪያሉ ሙቀት በስሌቱ ውስጥ የብላክ ሆሉ የሆኪንግ ሙቀት፣ ማለትም በሚያወጣው ጨረር የሚታወቀው ሙቀት፣ ነው። የማቴሪያሉ የቻርጅ ክምችት የብላክ ሆሉ ቻርጅ ሆኖ ይገባል፤ ኢንትሮፒው የሆራይዘኑ (የገባ ነገር ተመልሶ የማይወጣበት ድንበር) ስፋት ነው። ማቴሪያሉን ረብሸው ወደ ዕረፍቱ ለመመለስ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት ማወቅ ሲፈልጉ፣ በስሌቱ ውስጥ ብላክ ሆሉን ነክተው ንዝረቱ በስንት ጊዜ እንደሚሞት ያሰላሉ። ሆራይዘን የገባበትን ሁሉ ይውጣል፤ በጠርዙ ቋንቋ ይህ ኢነርጂ ወደ ሙቀት ተቀይሮ መጥፋቱ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ሰማይ ላይ ያለ ብላክ ሆል ሲያድግ ይቀዘቅዛል፤ እኛ የምንጠቀምበት ግን ሲሞቅ ያድጋል። የሚቀመጠው አንቲ ዴ ሲተር በሚባል ጠፈር ውስጥ ስለሆነ የሚወጣው ጨረር ተመልሶ ይመጣበታል፤ ስለዚህ ከአካባቢው ጋር በሙቀት ተመጣጥኖ መኖር ይችላል። ይህ ባይሆን ኖሮ በቋሚ ሙቀት ላይ ያለ ማቴሪያልን ሊወክል ባልቻለ ነበር።

ሐሳቡ በአንድ ሌሊት የበቀለ አይደለም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጃኮብ ቤከንስታይን የብላክ ሆል ኢንትሮፒ ከሆራይዘኑ ስፋት ጋር እንደሚሄድ ተከራከረ፤ በ1974 ስቲቨን ሆኪንግ ብላክ ሆል ሙቀት እንዳለው አሰላና ነገሩን አጸናው። በክፍል ውስጥ የምናስተምረው የጋዝ ኢንትሮፒ የሚያድገው ከይዘቱ ጋር ስለሆነ ይህ ከባድ እንቆቅልሽ ነበር። በ1993 ጄራርድ ት ሆፍት፣ ቀጥሎም ሊዮናርድ ሰስኪንድ፣ ስበት ባለበት ቦታ ሁሉ መረጃው በአንድ ዳይሜንሽን ባነሰ ጠርዝ ላይ ሊጻፍ ይችላል አሉ። በ1997 መጨረሻ ሁዋን ማልዳሴና የመጀመሪያውን ግልጽ ምሳሌ ሰጠ፤ በዓመቱ ጋብሰር፣ ክሌባኖቭ እና ፖሊያኮቭ በአንድ በኩል፣ ኤድዋርድ ዊተን በሌላ በኩል፣ ከጠርዝ ወደ ውስጥ የሚያሻግረውን መዝገበ ቃላት ጻፉ። እርስዎ የሚሠሩበት መሣሪያ ይህ መዝገበ ቃላት ነው።

ይህን ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም የምንሄደው ቀጥተኛው መንገድ ስለተዘጋ ነው። ለተማሪዎችዎ በመዳብ ሽቦ ውስጥ ስላለ ኤሌክትሪክ ሲያስረዱ ኤሌክትሮኑ ይሄዳል፣ አልፎ አልፎ ይጋጫል፣ እንደገና ይሄዳል ይሏቸዋል። በሁለት ግጭት መካከል ራሱን የቻለ ጉዞ አለው። ኤሌክትሮኖቹ እርስ በርስ ያላቸው ትስስር ልል ሲሆን፣ ወይም ሌቭ ላንዳው በ1950ዎቹ እንዳሳየው ትስስሩ ሁሉ በአንድ አዲስ ቅንጣት ተጠቃልሎ ሊቆጠር ሲችል፣ ይህ አገላለጽ ይሠራል። በ1986 ቤድኖርዝ እና ሙለር ባገኟቸው የመዳብ ኦክሳይድ ሱፐርኮንዳክተሮች ውስጥ ግን፣ ከመነሻ ሙቀታቸው (ሱፐርኮንዳክተር መሆን ከሚጀምሩበት ሙቀት) በላይ ባለው ሁኔታ፣ አይሠራም። ሬዚስቲቪቲያቸው ከሙቀቱ ጋር ቀጥ ባለ መስመር ይጨምራል። ከዚያ የሚገመተው የግጭት ጊዜ ደግሞ፣ የፕላንክን ኤች ባር ለቦልትዝማን ቋሚ ቁጥርና ለሙቀቱ ብዜት ስናካፍል ከሚገኘው ጋር ተቀራራቢ ነው። በባሕር ዳር የቀን ሙቀት ይህ 25 ፌምቶ ሰከንድ (አንዱ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ሚሊዮንኛ ነው) ገደማ ይሆናል። በዚህን ያህል ቅጽበት የሚበተን ነገር ራሱን የቻለ ቅንጣት ነው ብሎ መናገር ይከብዳል፤ ቅንጣት ከሌለ ደግሞ ግጭት የሚቆጥረው ስሌታችን የሚጀምርበት ያጣል።

ትልቅ ኮምፒውተር ይፍታው እንዳንል፣ ኤሌክትሮኖች ፌርሚዮን (ሁለቱ በአንድ ሁኔታ ላይ መሆን የማይችሉ ቅንጣቶች) በመሆናቸው በሞንቴ ካርሎ፣ ማለትም በዘፈቀደ ናሙና በሚሠራ፣ ስሌት ውስጥ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ቁጥሮች እየተጠፋፉ ይመጣሉ፤ ሙቀቱ በወረደና ናሙናው በሰፋ መጠን የሚፈጀው ጊዜ ከአቅም በላይ ያድጋል። ዱዋሊቲው የሚያተርፈን እዚህ ላይ ነው። ጠርዙ ላይ ያለው ትስስር በጠበቀ መጠን ውስጥ ያለው ስበት ቀላል ይሆናል። ጠርዙ ላይ ያሉት መስኮች ብዛት፣ ኤን የምንለው ቁጥር፣ በጣም ትልቅ ሲሆን ደግሞ ኳንተም ስበትን ትተን የአንስታይንን ኢኩዌሽኖች ብቻ መፍታት ይበቃናል። ሁለቱም ቅድመ ሁኔታዎች ያስፈልጋሉ፤ ጥብቅ ትስስር ብቻውን አይበቃም። ብዙ የተማሪ ጽሑፎች «ሲስተሙ ጥብቅ ትስስር አለውና ሆሎግራፊ ይሠራል» ብለው ሲያልፉ አያለሁ፤ ይህ ትክክል አይደለም። በተፈጥሮ ያሉ ማቴሪያሎች ኤን ትልቅ የሆነላቸው አይደሉም።

ይህ ሁሉ ገደብ እያለ ስሌቱ የሚጠቅምበት ምክንያት አንዳንድ ጥያቄዎች ዝርዝሩን ስለማይፈልጉ ነው። ጣና ላይ ከዘጌ የሚመጣ ታንኳ የሚያስነሳውን ሞገድ ለማስላት የውሃን ሞለኪውል ኳንተም መካኒክስ ማወቅ አያስፈልግዎትም፤ ጥግግቱን፣ ስበቱን፣ ጥልቀቱን እና ቪስኮሲቲውን ካወቁ ይበቃል። ጥብቅ ትስስር ያላቸው ሲስተሞችም እንዲሁ ከቅጽበት በኋላ ኢነርጂ፣ ሞመንተምና ቻርጅ ብቻ የሚቆጠሩበት ፈሳሽ ይሆናሉ። የፈሳሹን ቋሚ ቁጥሮች ከታች ጀምሮ ማስላት ነው ከባዱ፤ ሆሎግራፊ የሚሰጠን እነዚህን ነው።

ጥሩ ማሳያው ቪስኮሲቲ ነው። በ2001 ፖሊካስትሮ፣ ሶን እና ስታሪኔትስ በማልዳሴና ምሳሌ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ቪስኮሲቲ ከብላክ ሆል አሰሉ። ቪስኮሲቲው ለኢንትሮፒ ክምችቱ ሲካፈል፣ በኤች ባርና በቦልትዝማን ቋሚ ቁጥር መለኪያ፣ አንድ ለ4 ፓይ ሆነ፤ 0.08 ገደማ ማለት ነው። ከፊትዎ እንደሚያዩት የጣና ውሃ ያለ ተራ ውሃ ከዚህ ወደ 380 እጥፍ ይበልጣል። አሜሪካ የሚገኘው ብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ የወርቅ ኒውክሊየሶችን አጋጭቶ የፈጠረው የኳርክና የግሉኦን (የፕሮቶንና የኒውትሮን ውስጣዊ ቅንጣቶች) ፕላዝማ ግን፣ ብዙዎች ጋዝ ይሆናል ብለው ሲጠብቁት፣ በ2005 እንደተገለጸው እጅግ ቀጭን ፈሳሽ ሆኖ ተገኘ። የዛሬ ግምቶች ከአንድ ለ4 ፓይ ከአንድ እስከ ሦስት እጥፍ ገደማ ያስቀምጡታል። በተለመደው የልል ትስስር ስሌት የሚወጣው ቁጥር ከዚህ በጣም የራቀ ነበር። ስሌቱና ልኬቱ እንዲህ መቀራረባቸው ለእኔ የዚህ ዘርፍ ትልቁ ስኬት ነው፤ ፕላዝማው ቀለማቱ (ኤን የሚቆጥራቸው የኳርክ ቻርጅ ዓይነቶች) 3 ብቻ ሲሆኑ ስሌቱ ኤን ወሰን የለሽ ትልቅ ነው ብሎ መነሳቱን ስናስብ ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። ጽሑፍዎ ውስጥ ግን «ከአንድ ለ4 ፓይ በታች የሚወርድ ፈሳሽ የለም» ብለው አይጻፉ። ኮቭተን፣ ሶን እና ስታሪኔትስ እንዲህ ብለው ገምተው ነበር፤ ከ2007 ጀምሮ የወጡ ስሌቶች የስበት ሕጉ ላይ እርማት ሲጨመር ቁጥሩ በመጠኑ እንደሚወርድ አሳይተዋል።

አሁን ወደ አማካሪዎ እንምጣ። ግማሽ ልክ ናቸው። ቅንጣቶችን እንደ ጥቃቅን ክሮች የሚያየው ስትሪንግ ቲዮሪ የዓለማችን የመጨረሻ ሕግ ነው የሚለው በልኬት አልተረጋገጠም። ዱዋሊቲው የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ዓለም ከስትሪንግ ተሠርታለች አይልም፣ ሁለት ቲዮሪዎች እኩል ናቸው ይላል። ይህ በስሌት ሊፈተን የሚችል አባባል ነው፤ ብዙ ጊዜም ተፈትኗል። አንዱን ልጥቀስ። በ1996 ክሌባኖቭ እና ጸይትሊን ከስበቱ ወገን ተነስተው፣ ኤም ቲዮሪ (የስትሪንግ ቲዮሪ ማስፋፊያ) ውስጥ ያሉ ኤን የሚያህሉ ሜምብሬኖች (ባለሁለት ዳይሜንሽን ሉሆች) የነጻነት መጠናቸው እንደ ኤን ወይም እንደ ኤን ስኩዌር ሳይሆን እንደ ኤን 3/2 ፓወር ያድጋል አሉ። ለምን እንዲህ ዓይነት ክፍልፋይ እንደሚወጣ ከጠርዙ ወገን የሚያውቅ አልነበረም። በ2010 ድሩከር፣ ማሪኞ እና ፑትሮቭ ስበት የሚባል ነገር በሌለበት ቲዮሪ ውስጥ ስሌቱን ሙሉ በሙሉ ሠሩት፤ 3/2 ወጣ፣ ፊት ያለው ቁጥር ጭምር ገጠመ። እንዲህ ያለ ነገር በአጋጣሚ አይመጣም። የሒሳብ ሊቃውንት የሚቀበሉት አጠቃላይ ማረጋገጫ ግን እስካሁን የለም፤ ይህን በመግቢያዎ ላይ በግልጽ ይጻፉት።

ባልደረባዎ ልክ አይደሉም። በ2022 መጨረሻ የወጣው ሥራ የጉግል ሲካሞር ፕሮሰሰር ላይ በ9 ኪዩቢት (የኳንተም ኮምፒውተር ቢት) የተሠራ ነው። የተፈጠረ ዎርምሆል የለም፤ የተደረገው የሳችዴቭ፣ ዬ እና ኪታዬቭ ሞዴል የሚባለውን፣ ብዙ ቅንጣቶች በዘፈቀደ የሚተሳሰሩበትን፣ በጣም አሳንሶ ማስኬድና፣ ዎርምሆል በሚጠበቅበት ዱዋል ሥዕል የሚተረጎም ምልክት መፈለግ ነው። 9 ኪዩቢት ማለት 512 ቁጥሮች ማለት ነው፤ የእርስዎ ላፕቶፕ ያለ ችግር ያሰላዋል። ስለዚህ ውጤቱ ስለ ተፈጥሮ አዲስ ነገር አልነገረንም። በ2023 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች የተቀነሰው ሞዴል የዋናውን ጠባይ በአግባቡ አይወክልም ብለው ተከራክረዋል። ለቴክኖሎጂ ሙከራነቱ ዋጋ አለው፤ ለዱዋሊቲው ማስረጃ አድርገው አይጥቀሱት።

የከፍተኛ ሙቀት ሱፐርኮንዳክተሮችን ማብራራት የሚለውን ርዕስ ይተዉት። ይህን የምለው ፍላጎትዎን ለማቀዝቀዝ አይደለም፤ ርዕሱ በመሣሪያው አቅም ውስጥ ስላልሆነ ነው። በ2008 ጋብሰር፣ ቀጥሎም ሃርትኖል፣ ሄርዞግ እና ሆሮዊትዝ፣ ቻርጅ ያለው ብላክ ሆል ሲቀዘቅዝ ዙሪያውን ስካላር መስክ (በየቦታው አቅጣጫ የሌለው ቁጥር የሚይዝ መስክ) እንደሚያበቅል፣ ይህም በጠርዙ ቋንቋ ሱፐርኮንዳክተር መሆኑን አሳዩ። ግሩም ሥራ ነው። ግን ልብ ብለው ሲያዩት ጠርዙ ላይ ያለው የቻርጅ ሲሜትሪ ከፎቶን ጋር አልተጣመረም፤ በትክክል ከተጠራ ሱፐርፍሉይድ፣ ማለትም ያለ ፍትጊያ የሚፈስ ፈሳሽ፣ ነው። ክሪስታል የለበትም፣ የመዳብና የኦክስጅን አቶሞች የሉበትም። ስበቱ የተመረጠው ለስሌት እንዲመች እንጂ ከአንድ ከታወቀ ማቴሪያል ተነስቶ አይደለም፤ ለመዳብ ኦክሳይድ ኤሌክትሮኖች ዱዋል የሆነው የስበት ቲዮሪ የትኛው ነው ብለው ቢጠይቁ የሚመልስ የለም። መነሻ ሙቀቱ አጠገብ ያለው ጠባይም ከአማካይ መስክ ቲዮሪ የማይለይ ነው፤ ኤን ትልቅ መሆኑ መዋዠቁን ያፍነዋል። በሁለት የቦታ ዳይሜንሽን፣ ከዜሮ በላይ ባለ ሙቀት፣ ቀጣይ ሲሜትሪ በራሱ ሊሰበር እንደማይችል የሚያዘው ቲዎረም እንኳ በዚሁ ምክንያት ብቻ ነው የሚታለፈው።

በተለይ የሚያማልል አንድ ቁጥር አለ። ያ ሞዴል የኢነርጂ ክፍተቱን (የተጣመሩ ኤሌክትሮኖችን ለመለያየት የሚያስፈልገውን ኢነርጂ) ለመነሻ ሙቀቱ ሲያካፍል 8 ገደማ ይሰጣል፤ የተለመደው የባርዲን፣ ኩፐርና ሽሪፈር ቲዮሪ 3.5 ይሰጣል። በአንዳንድ መዳብ ኦክሳይዶች የተለካው ወደ 8 ስለሚጠጋ ብዙ ተማሪ «እነሆ ተገጣጠመ» ብሎ ይደሰታል። የሞዴሉን ዝርዝር ትንሽ ሲነኩት ያ 8 ይለወጣል። ሊለወጥ የሚችልን ቁጥር ከልኬት ጋር ማዛመድ ማብራሪያ ተብሎ አይቆጠርም።

ሌላው ጥያቄዎ ውስጥ ያልነበረ ነገር ግን ማወቅ ያለብዎት፣ ዱዋሊቲው በተቃራኒው አቅጣጫም እንደሚሠራ ነው። በእኔ እምነት እስካሁን የበለጠ ያተረፈው ከማቴሪያል ወደ ስበት የሚሄደው መንገድ ነው። ሆኪንግ ብላክ ሆል ሲተን መረጃው ይጠፋል ብሎ ነበር። ጠርዙ ላይ ያለው ቲዮሪ ግን ተራ ኳንተም መካኒክስ ነው፤ ተራ ኳንተም መካኒክስ መረጃ አያጠፋም። በ2006 ሪዩ እና ታካያናጊ ጠርዙ ላይ ያለ ክፍል ከቀሪው ጋር ያለውን የኳንተም ጥልፍልፍ ኢንትሮፒ፣ ውስጥ ባለ ትንሹ ገጽ ስፋት መለካት እንደሚቻል አገኙ። ይህ ቀመር እየተሻሻለ መጥቶ በ2019 ሁለት የተለያዩ ቡድኖች፣ ዶን ፔጅ በ1993 መረጃ ከዳነ የጨረሩ ኢንትሮፒ እንዲህ ሊወጣና ሊወርድ ይገባዋል ያለውን መስመር ከስበቱ ወገን አሰሉት። ሳችዴቭና ዬ በ1993 ለማግኔታዊ ማቴሪያል የጻፉት ሞዴልም፣ ኪታዬቭ በ2015 ካደሰው በኋላ፣ ለብላክ ሆል ቀላሉ የመማሪያ ምሳሌ ሆኗል። እዚህም ገደቡን ይወቁት፦ ስሌቱ በአብዛኛው አንቲ ዴ ሲተር ጠፈርን ይፈልጋል፤ በ1998 ሱፐርኖቫዎች እንዳሳዩን የእኛ ዩኒቨርስ ግን በፍጥነቱ እየጨመረ ይሰፋል፤ የባዶ ጠፈሩ ኢነርጂ ምልክት ከዚያኛው ጠፈር ተቃራኒ ነው።

ታዲያ ምን ይሥሩ? እኔ የምመክርዎ አንድ ርዕስ ነው፦ «ቻርጅ ያለው ስካላር መስክ በአንቲ ዴ ሲተር ብላክ ሆል ዙሪያ የሚያሳየው አለመረጋጋትና የሆሎግራፊክ ሱፐርፍሉይድ መነሻ ሙቀት»። መልሱ የሚታወቅ ቁጥር ስላለው ራስዎን ማረም ይችላሉ፤ ክረምቱ ደግሞ ሁለት ወር ገደማ ብቻ ነው፤ መልሱ የማይታወቅ ጥያቄ ይዞ መግባት ተማሪውንም አማካሪውንም ያደክማል።

ሥራው እንዲህ ይሄዳል። ብላክ ሆሉ መስኮቹን እንዲመራ፣ መስኮቹ ግን ብላክ ሆሉን እንዳይነኩት አድርገው ይጀምሩ። ከጠርዙ የሚነሳውን ርቀት ዜድ ይበሉት፤ ጠርዙ ዜሮ ላይ፣ ሆራይዘኑ 1 ላይ ይሁን። የስበቱ ፈንክሽን 1 ሲቀነስ ዜድ ኪዩብ ነው፤ ሙቀቱ 3 ለ4 ፓይ ሲካፈል፣ 0.2387 ይሆናል። የኤሌክትሪክ ፖቴንሻሉ ሚዩ (ጠርዙ ላይ ያለው ዋጋው) ጊዜ በቅንፍ 1 ሲቀነስ ዜድ ነው። የስካላሩን ማስ ስኩዌር -2 ያድርጉት፤ ያኔ ጠርዙ አጠገብ መስኩ እንደ ዜድና እንደ ዜድ ስኩዌር ይሄዳል። ሆራይዘኑ ላይ መስኩ እንዳይፈነዳ ዴሪቬቲቩ የመስኩ 2/3 መሆን አለበት፤ ይህን በወረቀት ያረጋግጡ፣ አንድ መስመር ነው። ከዚያ ሆራይዘኑ ላይ መስኩን 1፣ ዴሪቬቲቩን 2/3 አድርገው፣ ከ0.999 ላይ ጀምረው በፓይተን ወደ ጠርዙ ያስኬዱ። የዜድ ኮኤፊሸንት ዜሮ እስኪሆን ድረስ ሚዩን ይቀይሩ። 4.06 ካገኙ ልክ ነዎት፤ መነሻ ሙቀቱ የሚዩ 0.0587 እጥፍ ነው ማለት ነው። ከፍ ያሉ ሌሎች ቁጥሮችም ይወጣሉ፤ እነሱ መስኩ መሐል ላይ ዜሮን የሚያቋርጥባቸው ናቸው፣ ትንሹን ይውሰዱ። በተቃራኒው የዜድ ስኩዌሩን ኮኤፊሸንት ዜሮ ካደረጉ 1.12 ገደማ ያገኛሉ፤ ሁለቱ የተለያዩ የጠርዝ ቲዮሪዎች ስለሆኑ አያደባልቋቸው። ስሌቱ ሰከንዶች ነው የሚፈጀው፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ በላፕቶፕዎ ባትሪ ያልቃል።

ሁለተኛው ምዕራፍ ወረቀትና እርሳስ ብቻ ይፈልጋል፤ እኔ በጣም የምወደውም እሱን ነው። ቻርጅ ያለው ብላክ ሆል ሙቀቱ ወደ ዜሮ ሲወርድ ሆራይዘኑ አጠገብ ባለሁለት ዳይሜንሽን አዲስ አንቲ ዴ ሲተር ጠፈር ይወጣል፤ የራዲየሱ ስኩዌር የውጪው 1/6 ነው። በውጪው ጠፈር መስኩ የሚረጋጋበት የማስ ስኩዌር ወሰን -9/4 ስለሆነ -2 ይፈቀዳል። በውስጠኛው ግን ወሰኑ -1/4 ነው፤ -2 በ1/6 ሲባዛ -1/3 ይሆናል፣ ከወሰኑ በታች። ስለዚህ መስኩ ምንም ቻርጅ ባይኖረው እንኳ ብላክ ሆሉ ይናጋል። አለመረጋጋቱ ከየት እንደሚመጣ ይህን ያህል በአጭር የሚያሳይ ስሌት በዘርፉ ውስጥ ብዙ የለም፤ መፈተኛዎ ላይ ሰሌዳ ሰጥተው ሊጠይቁዎት ይችላሉና በቃልዎ ይያዙት።

የእርስዎ የራስዎ አስተዋጽኦ ሦስተኛው ይሁን፦ የማስ ስኩዌሩን ከ-9/4 እስከ ዜሮ እየቀየሩ መነሻ ሙቀቱ እንዴት እንደሚወርድ በግራፍ ያውጡ፤ ሁለተኛውን፣ የኤሌክትሪክ ፖቴንሻሉን፣ ኢኩዌሽን ጨምረው ከመነሻው በታች የኮንደንሴቱን (የሚበቅለውን መስክ) መጠን ይሳሉ፣ የመነሻው ጠባይ ስኩዌር ሩት መሆኑንም ከግራፉ ያሳዩ። እዚያ ላይ ያቁሙ። መስኮቹ ብላክ ሆሉን እንዲነኩት ካደረጉ በኋላ ኮንዳክቲቪቲ ማስላት ሊያምርዎት ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ይጠንቀቁ። የጠርዙ ቲዮሪ ሞመንተሙን የሚያስረክብበት ነገር ስለሌለው፣ ሱፐርፍሉይድ ባልሆነበት ሙቀት ላይም በዜሮ ፍሪኩዌንሲ ወሰን የለሽ ኮንዳክቲቪቲ ይሰጣል። ይህን ሱፐርኮንዳክቲቪቲ ነው ብሎ የጻፈ ተማሪ ፈተናው ላይ ይወድቃል። መፍትሔው በ2013 አንድራዴ እና ዊዘርስ ያቀረቡት፣ በቀላል ስካላር መስኮች ሞመንተሙን የሚያስለቅቀው ሞዴል ነው፤ ለዶክትሬት ያቆዩት።

ለዝግጅት ጠቅላይ አንጻራዊነትን እስከ ሽዋርዝቺልድ ብላክ ሆል ድረስ፣ የስካላር መስክ ቲዮሪን መግቢያ፣ እና የልዩነት ኢኩዌሽን በኮምፒውተር መፍታትን ይያዙ፤ ስትሪንግ ቲዮሪ መማር አያስፈልግዎትም። ከላይ የጠቀስኳቸው ጽሑፎች ሁሉም ማለት ይቻላል ከ1991 ጀምሮ በሚሠራው አርካይቭ በሚባለው ማከማቻ በነጻ ይገኛሉ፤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ኢንተርኔቱ ደህና በሆነበት ሰዓት አውርደው ይያዟቸው። ወደ አማካሪዎ ሲሄዱ ስለ ስትሪንግ አይከራከሩ። ሁለቱን የመስክ ኢኩዌሽኖች፣ 4.06 የምትለዋን ቁጥርና -1/3ን በአንድ ገጽ ጽፈው ያሳዩዋቸው፤ የተለመደ የልዩነት ኢኩዌሽን ሥራ መሆኑን ያያሉ። ከዚህ በኋላ መቀጠል ከፈለጉ፣ ትሪየስቴ የሚገኘው አብዱስ ሰላም በ1964 ያቋቋመው የቲዮሪቲካል ፊዚክስ ማዕከል ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች የዲፕሎማ መርሐ ግብር አለው፤ ኪጋሊ ውስጥም የምሥራቅ አፍሪካ አጋር ተቋም አለው። ሲያመለክቱ የሠሩትን ኮድና ግራፍ አብረው ያያይዙ።